የወረታ–ወልዲያ መንገድ የማንም ምርኮኛ አይደለም

«መንገድ ተዘጋ» የሚል ዜና ሲወጣ ሁለት ዓይነት አንባቢ አለ። አንደኛው «ማን መንገድ ላይ ቀረ? የታመመ አለ? ዘመድ ተሳፍሮ ነበር?» ብሎ ይጨነቃል። ሁለተኛው የሚደግፈው ቡድን ጎል እንዳገባ ሰው ያጨበጭብና ዜናውን ለሌላው ያስተላልፋል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የተጻፈው ለሁለተኛው ነው። አንደኛው የምለውን ሁሉ ቀድሞ ያውቀዋል።

ስለ መንገድ በጥቅሉ ማውራት ቀላል ነው። ስለዚህ አንድ መንገድ ይዤ እከራከራለሁ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልዲያ የሚገባው፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው፣ የአካባቢው ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው ነው። የምከራከረውም ለአንድ ነገር ነው፦ ይህን መንገድ ለጦርነቱ ዓላማ የሚዘጋ ማንም ይሁን ማን፣ መለዮ ይልበስ አይልበስ፣ ባላጋራውን ሳይሆን ገበሬውን ነው የሚወጋው። የመንገዱ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቀው።

ወረታ በፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። ዙሪያዋ የሩዝ አገር ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፈው በአለም በር አድርገው ሽቅብ ሲወጡ ደብረ ታቦር ይገባሉ። ቀጥሎ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ አጠገብዎ አድርገው ወደ ጋይንት ያልፋሉ፤ የገብስና የድንች አገር ነው። ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ከእርሷ ወዲያ ጨጨሆ አለ፤ በገደልና በገደል መካከል ያለ ጠባብ በር፣ ከጥንት ጀምሮ የጋይንትንና የመቄትን አገር የሚለይና የሚያገናኝ። ከጨጨሆ በኋላ ደብረ ዘቢጥ፣ ፍላቂት፣ ኮን፣ ከዚያም ጋሸና ይመጣሉ። ጋሸና መስቀለኛ ናት። ወደ ሰሜን 64 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ላሊበላ ይገኛል፤ በእርሷና በኮን በኩል ወደ ደቡብ ደላንታ ይወረዳል። ወደ ምሥራቅ የቀጠለ በዲልብና በሳንቃ ቁልቁል ወርዶ ወልዲያ ይደርሳል። ወልዲያ ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ በደሴ መጥቶ ወደ መቀሌ የሚያልፈውን ትልቁን መንገድ ያገኛል።

አስተውሉ። ይህ አንድ መንገድ የሰሜን ኢትዮጵያን ሁለት ዋና መንገዶች፣ የጎንደሩንና የወሎውን፣ መሐል ለመሐል የሚያገናኝ ነው። እርሱ ከተዘጋ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወልዲያ ለመድረስ ያለው አስተማማኝ አማራጭ ጎጃምን አቋርጦ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከዚያ በደብረ ብርሃንና በደሴ ዞሮ መምጣት ነው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዞ የሁለትና የሦስት ቀን ይሆናል፤ ያውም እነዚያ መንገዶች ክፍት ከሆኑ። የጋይንት ገበሬ ደግሞ ዞሮ የሚሄድበት መንገድ እንኳ የለውም። እርሱ ያለው መሐሉ ላይ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ።

በዚህ አቅጣጫ ትልቅ መንገድ የቆረጡት አጼ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ይዘዋቸው የሄዱት ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎች ያቀለጡላቸውን መድፎች ነው። ትልቁ ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። ይህን የሚያህል ብረት በእግር መንገድ አይሄድም። ስለዚህ ሠራዊቱ ድንጋይ እየፈለጠ፣ ጉድጓድ እየሞላ፣ ገደል እየናደ መንገድ እየሠራ ተጓዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። በዘቢጥ አድርገው ወደ ዋድላ፣ ከዚያ የዥጣንና የበሽሎን ሸለቆ ወርደውና ወጥተው መቅደላ እስኪደርሱ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው።

የሥራውን ትልቅነት ማንም አይክድም። ግን ለምን ተሠራ? ለመድፍ። ማንስ ተጠቀመበት? ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ዋድላ ላይ ሲደርስ የንጉሡን መንገድ ተዘርግቶ አገኘው። የዥጣን ሸለቆ የተሻገረው በእርሱ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞቱ። በስድስት ወር ድካም የተቆረጠው መንገድ ለጠላት ሆነ።

ይህን የማነሣው በቴዎድሮስ ላይ ለመፍረድ አይደለም። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ መንገድን የጦር መሣሪያ ያደረገ ሰው፣ መሣሪያው በማን እጅ እንደሚገባ አይመርጥም። ዛሬ እኔ ስዘጋው ነገ ባላጋራዬ ይዘጋዋል። ዛሬ እኔ ስከፍተው ነገ ባላጋራዬ ይነዳበታል።

ከዚያ መቶ ዓመት አለፈ። በ1963 ዓ.ም. ኢትዮጵያና የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ግንኙነት መሠረቱ። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ አጼ ኃይለ ሥላሴ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተገናኙ። ቻይና በዚያው ሰሞን ለኢትዮጵያ ከሰጠችው ብድር ዋናው ሥራ ይህ መንገድ ሆነ። መንገዱ የተሠራው ግን ንጉሡ ከወረዱ በኋላ በደርግ ዘመን ነው፤ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ቆየ። በጠጠር የተሠራ መንገድ ነበር። አስፋልት የለበሰው ዘግይቶ፣ በየክፍሉ ነው። ንጉሥ ተዋዋለ፣ ወታደራዊ መንግሥት አስፈጸመ፣ የቻይና መሐንዲስ ቀየሰ፣ ኢትዮጵያዊ የጉልበት ሠራተኛ ቆፈረ፣ ኢሕአዴግ አስፋልት አለበሰው። አንዱም ብቻውን «የእኔ ነው» ሊል አይችልም።

መንገዱን እነዚህ ሠሩት። መንገድ ያደረገው ግን ገበያተኛው ነው። የገበያ ቀን ጋሸናንና ነፋስ መውጫን ያየ ይህን ያውቃል። የፎገራ ሩዝ ወደ ወሎ ይወጣል። የጋይንት ድንች፣ የመቄት በግ ይጫናል። ከወልዲያ በኩል የጅቡቲ ዕቃ ይመጣል፤ ጨው፣ ቆርቆሮ፣ ዘይት፣ ማዳበሪያ። ነፍሰ ጡር ምጥ ሲጠናባት የምትወሰደው ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ወልዲያ ሆስፒታል ነው። የላሊበላ የገና ምእመን ከጎንደርና ከጎጃም የሚመጣው በዚህ ነው፤ የላሊበላ አስጎብኚ፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ የጧፍ ሻጭ እንጀራ ከጋሸና መገንጠያ ጋር የታሰረ ነው። ይህ ሁሉ የተገነባው በአርባ ዓመት ውስጥ ነው። ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን አልሠራውም፤ በየሳምንቱ በሚመላለስ ሰው እግርና በአይሱዙ ጎማ ነው የተሠራው።

ጦርነቱ ደግሞ መንገዱን አልተወውም።

በ1982 ዓ.ም. የደርግና የኢሕአዴግ ጦር በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ተፋለመ። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌና ነሐሴ ላይ የትግራይ ኃይሎች ላሊበላን ይዘው፣ በጋሸና በኩል አድርገው በዚሁ መንገድ እስከ ጋይንት ዘለቁ። ነፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 በእጃቸው ነበረች። በእነዚያ ቀናት በከተማዋ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን የአስገድዶ መድፈር ወንጀል አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 ሴቶችን አነጋግሮ መዝግቦታል። ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተመታች። ጋሸና እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. የጦር ሜዳ ሆና ቆየች። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ይህ መንገድ እንደ ሌሎቹ የክልሉ መንገዶች ሁሉ በውጊያ፣ በታጣቂ ክልከላ፣ በኬላና በሰዓት እላፊ ደጋግሞ ተዘግቷል።

እዚህ ላይ የሚዘጉት ሁሉ ምክንያት አላቸው። ምክንያታቸውን በየተራ እንስማ።

ታጣቂው የሚለው ይህ ነው፦ «መንገድ የምንዘጋው የሠራዊቱን ስንቅና ትጥቅ ለመቁረጥ ነው፤ የመንግሥትን መዋቅር ለማዳከም ነው።» መልሴ አጭር ነው። መንግሥት አጀብ አለው፣ ሄሊኮፕተር አለው፣ በጀት አለው። የጋይንት ገበሬ ከእነዚህ አንዱም የለውም። መንገድ በተዘጋ በሳምንቱ የጦር ካምፕ አይራብም፤ ፋርማሲ ግን መድኃኒት ይጨርሳል። ለሕዝብ እታገላለሁ የሚል ሰው ትግሉን የሚለካው ሕዝቡ ስንት ቀን ያለ ጨው እንደቆየ በመቁጠር ከሆነ፣ የሚታገለው ለማን እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። በየኬላው ከሾፌር ገንዘብ የሚቀበለውማ ትግል የሚባል ነገር የለውም፤ ያ የድሮ ሽፍታ ሥራ ነው። ተሳፋሪ አውርዶ ለቤተሰቡ ደውሎ ገንዘብ የሚጠይቀው ደግሞ በየትኛውም ባንዲራ ስር ቢቆም ወንበዴ ነው፤ ሌላ ስም አይገባውም።

መንግሥት የሚለው ይህ ነው፦ «መንገድ የሚዘጉት ጽንፈኞች ናቸው፤ እኛ የምንገድበው ለጸጥታ ነው።» ይህም ግማሽ እውነት ነው። ዜጋ በአገሩ ተንቀሳቅሶ የመኖር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ተጽፏል፤ መብቱን የማስከበር ግዴታ ያለበትም የጻፈው መንግሥት ነው። አውራ መንገድ ላይ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ኬላ ተክሎ፣ ሕዝብ ማመላለሻ በሙሉ እንደ ጠላት እየፈተሸ፣ ለባለሥልጣን ጉብኝት ሲሆን በአጀብ እየከፈተ ለአምቡላንስ ሲሆን «ትእዛዝ አልመጣም» የሚል አሠራር ጸጥታ አይባልም። መንግሥት ሥልጣኑን የሚያሳየው በቴሌቪዥን ስለ ኮሪደር ልማት በማውራት አይደለም። ከነፋስ መውጫ ደብረ ታቦር ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት መድረስ ከቻለች፣ ያን ጊዜ መንግሥት አለ እንላለን።

አሁን ወደ ሦስተኛው ወገን ልምጣ፤ ወደ እኛ። ወደ አንባቢውና ወደ አስተላላፊው።

አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ተቀምጠህ «ጋሸና ተዘግቷል፣ ድል!» ብለህ የምትጽፍ ወንድሜ፦ ለአንተ ጋሸና ካርታ ላይ ያለ ነጥብ ነው። በዚያች ነጥብ በኩል የሚያልፈው ማዳበሪያ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ገበሬው እጅ መድረስ አለበት፤ ሐምሌ ላይ ቢመጣ ጥቅሙ ግማሽ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚጓዘው በዚያች ነጥብ በኩል ነው፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ከቀረ አንድ ዓመት ይቀራል። አንተ ዜናውን ካስተላለፍህ በኋላ ስልክህን አስቀምጠህ እራትህን ትበላለህ። የእርሱ እራት የተዘጋው መንገድ ላይ ያለ መኪና ውስጥ ነው።

አንድ የማይመች ነገርም ልናገር። ከወልዲያ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ ይሄዳል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ወደ ትግራይ እህልና መድኃኒት የሚገባበት መንገድ ለወራት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ «ይገባቸዋል» ያሉ ሰዎች በመካከላችን ነበሩ። በተቃራኒው፣ ነፋስ መውጫና ወልዲያ ሲወረሩ «ይገባቸዋል» ያሉም ነበሩ። ሁለቱም መንገድ መዝጋትን እንደ ሕጋዊ የጦር ስልት ተቀበሉ። አንዴ ከተቀበልነው ደግሞ ተራው ለሁሉም ይደርሳል፤ እነሆ ደረሰ። የሌላው መንገድ ሲዘጋ ያጨበጨበ ሰው የራሱ ሲዘጋ የሚያሰማው ለቅሶ ሰሚ ያጣል። ስለዚህ መርሁ አንድ መሆን አለበት፦ ወደ መቀሌም ይሁን ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ወለጋም ይሁን ወደ ጎጃም፣ ሰላማዊ ሰው የሚሄድበት መንገድ አይዘጋም።

«አሁን ጦርነት ነው፣ ይህ የዋህነት ነው» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። የዋህነት አይደለም፤ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ የጄኔቫ ስምምነቶችን ብቻ ሳይሆን በአገር ውስጥ የሚደረግ ጦርነትን የሚመለከተውን ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮልም ተቀብላለች። እርሱም ሰላማዊ ሰውን ማስራብን የጦር ስልት ማድረግ ይከለክላል። ጦርነት ያለባቸው ሌሎች አገሮችም ለክትባት፣ ለቁስለኛና ለእርዳታ መንገድ የሚከፍቱት ስለሚዋደዱ አይደለም። ነገ ሁለቱም ወገን በዚያው አገር ስለሚኖር ነው።

ሌላም ብዙ የማይነገር ጉዳት አለ። መንገድ ሲዘጋ መኪና ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ ጥገናም ይቆማል። ይህ መንገድ የደጋ መንገድ ነው፤ ክረምቱ ከባድ፣ ዳገቱ ገደል ነው። የውሃ መውረጃው ቦይና ቱቦው ከክረምት በፊት ካልተጠረገ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይወጣል፤ ጠርዙን ይበላል፣ ከስር ያለውን አፈር ይሸረሽራል። የተናደ አፈር ካልተነሣ አንዱ ጎን ይዘጋል፣ ከባድ መኪና ሁሉ በሌላው ጠርዝ ላይ ይሄዳል፣ እርሱም ይሰነጠቃል። በአካፋና በጥቂት ሠራተኛ የሚያልቅ ሥራ በሦስተኛው ክረምት የሚሊዮን ብር ኮንትራት ይሆናል። የጥገና ሠራተኛ ደግሞ ተኩስ ባለበት አይሠማራም፤ ማሽኑ ይቃጠልብኛል፣ ሰዬ ይታገትብኛል ብሎ የሚሰጋ ተቋራጭም አይመጣም። ስለዚህ ሰላም ቢወርድ እንኳ የሚከፈተው መንገድ የተዘጋው መንገድ አይሆንም። ዋጋውን የሚከፍለውም ያው በየሊትሩ ነዳጅ ላይ ለመንገድ ፈንድ የሚያዋጣው ሕዝብ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ጦርነቱን ነገ አቁሙ ብቻ አይደለም፤ ያንን ሁሉም ይጠይቃል፣ ሰሚ ግን አልተገኘም። የምጠይቀው ከዚያ ያነሰና ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል ነው።

አንደኛ፣ አምቡላንስ፣ መድኃኒት የጫነ መኪናና ምጥ የያዛት ሴት በየትኛውም ኬላ፣ በየትኛውም ሰዓት ይለፉ። ለዚህ ድርድር አያስፈልግም፤ ኬላው ላይ ለቆመው ልጅ የሚነገር አንድ ትእዛዝ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ማዳበሪያና ዘር የጫነ መኪና ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ ተፈታኝ የጫነ መኪና በፈተና ሰሞን አይነካ። ገበሬውና ተማሪው የሁሉም ወገን ልጆች ናቸው።

ሦስተኛ፣ የጥገና ሠራተኛና ማሽን ከውጊያ ውጪ ይሁን። ቦይ የሚጠርግ ሰው የማንም ጠላት አይደለም።

አራተኛ፣ ከሾፌርና ከተሳፋሪ ገንዘብ መቀበል ይቁም። የሚቀበለው ማንም ይሁን፣ ደረሰኝ ይስጥ አይስጥ።

አምስተኛው ለእኛ ነው። መንገድ የመዝጋት አዋጅ ሲወጣ አናጨብጭብ። ዜናውን ማስተላለፍ ካለብን «ተዘጋ» ብለን አናቁም፤ ማን ሳይደርስ እንደቀረ፣ ስንት ቀን እንደሆነው፣ የጤፍና የዘይት ዋጋ ነፋስ መውጫ ላይ ስንት እንደገባ አብረን እንጻፍ። መንገድ የሚዘጋ ሰው የሚመካው በጭብጨባ ነው። ጭብጨባው ከቀረ ወጪው ብቻ ይቀርለታል።

ቴዎድሮስ በዚህ አገር መንገድ የቆረጡት መድፍ ለማሳለፍ ነበር። ዛሬ መድፉ መቅደላ ላይ ወድቆ ይታያል፤ የሚጎትተው የለም። በጨጨሆ በር የሚያልፈው ግን እህል የጫነ አህያና ሩዝ የጫነ አይሱዙ ነው። መንገዱ የእነርሱ ነው፤ ልቀቁላቸው።